ውሻዬን ያጾምኩበት ሁዳዴ

ውሻዬ ስም ነበራት፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። በዚያ ስም እየተጠራች የተሰደበችው ይበቃታል።

ሐረር የገባሁት ጂኦግራፊ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። ከጎጃም ስነሣ እናቴ «ጅብና ሰው መንገድ ላይ የሚተላለፉበት አገር ልኬሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» ብላ አልቅሳለች። አቦከር ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍልና ጠባብ ግቢ ተከራየሁ። ጅቡን ቶሎ ለመድኩት። ያልለመድኩት ከትምህርት ቤት ተመልሼ በሬን ስከፍት የሚቀበለኝን ጭርታ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ከቦይ ዳር አንዲት ቡችላ አንሥቼ ገባሁ። ቡኒ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ይቆማል፣ አንዱ ይወድቃል። ዘሯ ምንድን ነው ቢሉኝ ያገር ልጅ ናት እላለሁ።

ስማርት ስልክ በየኪሱ ሲገባ እኔም ገዛሁ፤ ብዙም ሳልቆይ ፌስቡክ ላይ የውሻ ባለቤቶች የሚሰበሰቡበት ግሩፕ አገኘሁ። ሰፈርተኛው «ከውሻ ጋር የምትኖረው አስተማሪ» እያለ ሲታዘበኝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ውሻው ስላስነጠሰ ብቻ የሚጨነቅ ይህን ያህል ሰው ሳይ እንባዬ መጣ። አንዷ ቡችላዋ ሞታባት ስትጽፍ፣ አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ተራ በተራ እየገቡ ሲያጽናኗት አነበብኩ። በማግስቱ እነዚያው ሰዎች የውሻውን ጆሮ ያስቆረጠ አንድ ሰው ላይ ወርደውበት እስከ ሰባት ቤቱ ሲሰድቡት አነበብኩ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይገርሙኛል።

ከሁሉ የሚብሰው ተሳዳቢ ፎቶው ላይ የጥቁር ውሻ አፍንጫ ብቻ የለጠፈ ሰው ነበር። የሚጠራበትም ስም የሰው ስም አልነበረም፤ እኔ በልቤ «አፍንጫው» እለዋለሁ። አንዲት የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ነበረች፣ አዲስ አበባ የምትሠራ። ለጠየቃት ሁሉ በነጻ ትመልሳለች፤ ሳትቆጣ ግን አትመልስም።

በሁዳዴ ውሻዬ ሽሮ ፍትፍት ስትበላ ፎቶ አንሥቼ «ጾመኛዋ» ብዬ ለጠፍኩ። ቀልድ መስሎኝ ነው። እኔ ቤት በሁዳዴ ሥጋ አይገባም፤ ለውሻ ብዬ አጥንት ብቀቅል ሽታው ራሱ ያስገድፈኛል። ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ውሻ ማጾም ግፍ ነው አለ፣ ግማሹ ስንቱ ሰው ሽሮ አጥቶ እያደረ አለ። አፍንጫው «ለራስሽ ጽድቅ ውሻ አታስርቢ። እሷን ለሚገባው ሰው ስጪና አንቺ ገዳም ግቢ» ብሎ ጻፈ። እኔም እዳ አላሳድርም፤ «አንተ መጀመሪያ የራስህን ፊት አሳየን» አልኩት። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አድሚኑ አጠፋው፤ ደግ አደረገ።

ግንብ የምንጋራቸው ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ የሐረር እናት ናቸው፤ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። እማማ ነው የምላቸው። ውሻዬን ነክተዋት አያውቁም፤ ሶላታቸው አለ፣ ለሶላት የሚታጠቡት ውዱአቸው አለ። ከእኔ ግቢ በር ላይ ካገኟት የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ያልፋሉ። ክፉ ቃል ግን አንድም ቀን አልወጣቸውም። ከሰዓት በኋላ በግንቡ ላይ ብቅ ብለው የግሩፑን ወሬ መስማት ይወዱ ነበር።

«ዛሬስ የስልክሽ ሰዎች ተጣሉ ወይስ ታረቁ?» አሉኝ በዚያው ሰሞን።

«ተጣሉ እማማ። ውሻዋን ለምን አጾምሻት ብለው።»

ቁልቁል አዩዋት። «ወላሂ ከስታለች። ይቺ ፍጡር ምን ወንጀል አላትና ትጾማለች?»

«ከእኔ ጋር ትጸድቃለች።»

«አላህ ይቀበላት እንግዲህ» አሉና ሁለታችንም ሳቅን።

ሁዳዴው ሲጋመስ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን ስከፍት፣ ውሻዬ ልትቀበለኝ አልመጣችም። ግቢው ጥግ ቆማለች። አፏ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ዓይኗ ፈጧል። ውሃ አቀረብኩላት፤ አፍንጫዋን ነክራ መጠጣት አቃታትና ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። የቤቱ ባለቤት በር ላይ ሆነው አይተው «የእብድ ውሻ በሽታ ነው» አሉ። «ልጆች የሚመላለሱበት ሰፈር ነው። እስከ ምሽት አንድ ነገር ካላደረግሽ ሰው ጠርቼ አስገድላታለሁ።» ጨካኝ አይደሉም፤ ልጆቹም በእርግጥ ይመላለሳሉ።

በሩን ዘግቼ በመስኮት ቀረጽኳትና ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። «እርዱኝ፣ እስከ ምሽት ብቻ ነው ያለኝ» አልኩ። ወዲያው መልሱ ጎረፈ። አንዱ አሁኑኑ አስገድያት ይላል። አንዷ ነክታሽ ከሆነ ሐኪም ቤት ሩጪ ትላለች። ሌላው በሽሮ ገድለሻት አሁን ታለቅሻለሽ ይላል። ከዚያ አንድ ሰው ጠየቀኝ፦ «ጎረቤቶችሽ ሙስሊሞች ናቸው?» ሐረር ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ነው? «አዎ» አልኩ። «በቃ፣ መርዘዋታል» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሻዬ መነጋገር ቀረ። አንዱ «እነሱ ውሻ አይወዱም» ይላል፣ ሌላው «አንተ ስለ እስልምና ምን ታውቃለህ» ይላል፣ እኔ መሐል ገብቼ «ጎረቤቶቼ ድንጋይ እንኳ ወርውረውባት አያውቁም» ብዬ እጽፋለሁ። «አይ የዋህ!» ብሎ መለሰልኝ። ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝ። ያቺ ፍጡር አፏ ተከፍቶ እየቃተተች፣ እነሱ በሷ ስም ሃይማኖት ይማዘዛሉ።

ሐኪሟ ያን ጊዜ ገባች። «ሁላችሁም ዝም በሉ። አንቺ፣ በሩን ዝጊ፣ ለሃጯን እንዳትነኪ። አጥንት በልታለች?»

«ሁዳዴ ነው» ብዬ መለስኩ። «እቤቴ አጥንት ከገባ ቆይቷል።» እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነው የጻፍኩት።

«እንግዲያው ያስፈራል» አለች። «ሌላ ቪዲዮ ላኪልኝ።»

ላክሁላት። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፤ ራሷ ናት። «የፊት እግሯን አየሽው? አፏን እየቧጠጠች ነው። አንድ ነገር ተሰንቅሮባት ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ በሽታው ከሆነ የነከሰችው ሰው ሊሞት ይችላል። የተከተበ ሰው ብቻ ነው መንካት ያለበት።» ከዚያ ግሩፑ ላይ ጻፈች፦ «ሐረር ውስጥ ያለ፣ የእብድ ውሻ ክትባት የወሰደ ሰው አለ?»

ኢንቦክሴ ውስጥ መልእክት ገባ። አፍንጫው ነው። «ሐኪም ጋራ ሰፈር ነኝ። ተከትቤያለሁ። ቤትሽ የት ነው፣ ጾመኛ?»

«ገዳም ግቢ» ላለኝ ሰው ቤቴን ማሳየት ቀፈፈኝ። ምን ምርጫ ነበረኝና፣ ነገርኩት።

ጎረምሳ ጠብቄ ነበር። የመጣው ጸጉሩ የሸበተ፣ አንድ እግሩን ሸርተት የሚያደርግ ሰው ነው፤ የቀድሞ ወታደር፣ አሁን የብረት በር የሚበይድ። እስከ ክርኑ የሚደርስ የብየዳ ጓንት፣ ፒንሳ፣ ቁራጭ እንጨትና አሮጌ ብርድ ልብስ ይዟል። ሰላምም አላለኝ። «ይቺ ናት በሽሮ ያሳደግሻት?» አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ የኔ ቆንጆ» እያለ ቀረባትና ብርድ ልብሱን ጣል አድርጎ በጉልበቶቹ መሐል ያዛት። እኔ በመስኮቱ ስልኩን ዘርግቼ ቆሜያለሁ፤ ሐኪሟ በስልኩ ውስጥ ሆና ትጮኻለች። «እንጨቱን በጥርሷ መሐል! ቀና አድርጋት! ላንቃዋን አሳየኝ!»

ላንቃዋ ላይ፣ ከመንጋጋ እስከ መንጋጋ፣ ነጭ አጥንት በአግድሙ ተወትፏል። በፒንሳው ይዞ አንዴ ጠመዘዘው፣ ወጣ። አፏ ተገጠመ። እንደዚያ ቀላል ነበር፤ አፏ ገጠመ፣ ምራቋን ዋጠች፣ ሄዳ ውሃዋን ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣች። አፍንጫው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጓንቱን አወለቀ። «ውሻ እንዲህ ይያዛል? አይ አንቺ! ሰው ነሽ?» ይለኛል፣ እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል። ስድቡም እንባውም ከአንድ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ሲወጣ እያየሁ አፌን ይዤ ቆምኩ። ሰው እንዲህ ያለ ፍጡር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

የአጥንቱን ፎቶ ለጠፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ጠዋት ግደያት ያሉት ሁሉ «እኛም ጠርጥረን ነበር» አሉ። ያ መርዘዋታል ያለው ሰው ግን አልተኛም። «ታዲያ አጥንቱን ማን ወረወረው? ሆን ብለው ነው» አለ። አፍንጫው መልሱን ከአፉ ነጠቀው፦ «ጭልፊት ነው፣ ደንቆሮ! ጊደር መጋላ ላይ ጭልፊት ከሰው እጅ ሥጋ ሲመነትፍ አይተህ አታውቅም? ጥሎባት ነው።» እውነት የሚመስል ነገር ነበር። ሁሉም ተቀበለው፤ ጭልፊቱ ተረገመና ጠቡ በረደ።

በማግስቱ እማማ በግንቡ ላይ ብቅ ሲሉ ሁሉንም አወራሁላቸው። አልሳቁም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አጥንቱን አሳዪኝ» አሉ።

አሳየኋቸው። ግንቡን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጭልፊቱን አትሙት» አሉ። «እኔ ነኝ።»

አልገባኝም።

«ከመጋላ የግመል ሥጋ ስገዛ አጥንቱን በፌስታል ይዤ በግንቡ ላይ እጥልላት ነበር፣ አንቺ ትምህርት ቤት ስትሆኚ። ጾምሽን እንዳልዳፈርብሽ ብዬ ነው በስውር ያደረግሁት። ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣን ሰው አላህ ማረው ይሉናል። ለተራበችም ያው ነው ብዬ... ሱብሃነላህ! ልገድልልሽ ነበር እኮ።» አለቀሱ።

ያን ጊዜ ነው የራሴ ስሕተት የገባኝ። ሙአዚን በየሶላቱ ሰዓት በሚሰማበት፣ ከተማው ግማሹ ሥጋ በሚበላበት አገር ቁጭ ብዬ፣ እኔ ስለጾምኩ ዓለሙ ሁሉ የጾመ መስሎኝ ኖሯል። ሐኪሟ አጥንት በልታለች ወይ ስትለኝ ሁዳዴ ነው ብዬ መለስኩ!

«ይተዉት እማማ» አልኳቸው። «ጭልፊት ነው ተብሎ አልቋል። የስልኩ ሰዎች ክፉ ናቸው፣ ይሰድቡዎታል።»

እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። «ይስደቡኝ። ነገ በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ የጭልፊት ሐቅ ልጠየቅ ነው? ጻፊላቸው። ጎረቤቷ ናት በያቸው።»

ማንም የማያውቃቸው፣ ፌስቡክ ምን እንደሆነ አይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ዝም ቢሉ አንድም ሰው አይጠይቃቸውም ነበር። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ስንቶቻችን በውሸት ስም ተደብቀን ስንሞላፈጥ፣ እሳቸው ላንድ ወፍ ስም ፈርተው ራሳቸውን አወጡ። እጃቸውን በግንቡ ላይ ስቤ ሳምኩት።

ጻፍኩት፣ ቃል በቃል፣ ያለ ስም። ልኬ ስልኩን አልጋ ላይ ገለበጥኩት፤ ማየት አልቻልኩም። ስመለስበት አንዱ «ድሮስ ከእነሱ ምን ይጠበቃል» ብሎ ጀመረ። አፍንጫው የመለሰለትን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ መጨረሻው ግን እንዲህ ይላል፦ «እኚህን እናት መንካት የሚፈልግ ሐኪም ጋራ መጥቶ እኔን ያናግረኝ።» መርዘዋታል ያለው ሰውዬ የጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋ። ይቅርታ አላለም፤ አጠፋ። ያቺ ቡችላዋ ሞታባት የነበረችው ሴት «እጃቸውን ሳሚልኝ» ብላ ጻፈች፤ ከሷ በታችም ሌሎች «ለእኔም» እያሉ ወረዱ። ሐኪሟ እንደ ልማዷ ተቆጣች፦ «ንገሪያቸው፣ አጥንት እንዳይሰጡ። ሥጋ ግን ይስጡ። አንቺም ሽሮሽን ለራስሽ ብዪ።»

«ዛሬስ ተጣሉ ወይስ ታረቁ?» አሉኝ እማማ በግንቡ ላይ፣ በፈራ ድምፅ።

«ሁለቱንም» አልኳቸው። ሐኪሟ ያለችውንም ነገርኳቸው።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሻዬ ግንቡ ሥር ቁጭ ብላ ሽቅብ ታያለች። ግንቡ ላይ የቆርቆሮ ሳህን አለ። በውስጡ የግመል ሥጋ ነው፤ ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን እንደሚከተፍ ደቆ ተከትፏል። እማማ አሁን አልተደበቁም፤ ከሳህኑ ጀርባ ቆመዋል።

«አጥንቱስ?» አልኳቸው።

«ለወራባው ሰጠሁት» አሉ፤ ጅቡን በቋንቋቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። «እሱ ጥርስ አለው።»

እሳቸው ውሻ አይነኩም። እኔ እንኳን በሁዳዴ በፋሲካም የግመል ሥጋ አልነካም። ሳህኑን በሁለት እጄ ተቀብዬ አወረድኩላት።