ተኝቼ ያስረዘምኋት ላም

ወረታ መገንጠያው አጠገብ ባለው ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥለው ደጅ አቆሙኝና አንድ የባጃጅ ሹፌር ጠርተው "አንሣው" አሉኝ። አነሣሁት። ምስሉን አዩና "ባጃጁ አምሮበታል፤ የሹፌሩ ራስ የት ሄደ?" አሉ። ከዚያ ወዲህም ብዙ ራስ ቆርጫለሁ፤ ብዙ ሙሽራ ዓይኗን እንደጨፈነች ድሬያለሁ።

ሥራው ሲገባኝ ትዕቢት መጣ። አጭሩን አስረዝም ነበር፤ ዘዴው ካሜራውን መሬት አስጠግቶ ሽቅብ ማንሣት ነው። የቢሮ ኃላፊዎች ይህን አብዝተው ይወዱ ነበር። በሥራ ያላገኙትን ቁመት በፎቶ ያገኙታል።

አንድ ቀን ከብት ደላላው አያሌው ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ ወደታሰረች የፎገራ ላም ወሰደኝ። ፎቶዋ ሐሙሲት ላሉ ወተት ነጋዴ በስልክ ሊላክ ነው። ላሟ ደህና ናት፤ ግን አጭር ናት።

"እስቲ ገዘፍ አድርገህ አንሣልኝ" አለኝ።

ፊት ለፊቷ ጭቃው ላይ በደረቴ ተኛሁ። ፎቶው ላይ ጀርባዋ ከጣራ ገዳም ተራራ በለጠ።

በሦስተኛው ቀን ነጋዴዋ ወይዘሮ አለምነሽ ራሳቸው መጡ። እኔንም አያሌው አስጠርቶኛል። ላሟን ዞረው አዩና "ልጇስ ጥሩ ናት፤ እናቲቱ የት አለች?" አሉት።

"ይችው ናት እትዬ።"

"አታላግጥብኝ። የፎቶዋን አምጣ።"

አያሌው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፤ ላሟን እኔ የወለድኋት ይመስል። "ያነሣት እሱ ነው!"

የከበበን ሰው ሁሉ ሳቀ። ወሬው ከተማ ከገባ ሠርግ የሚጠራኝ አይኖርም።

ወይዘሮ አለምነሽ ግን አልጮሁም። ላሟ አጠገብ ሄደው ቆሙ። "በል አንሣን። የእኔን ቁመት ሐሙሲት ሁሉ ያውቀዋል።"

ልተኛ ስል "ተው! መንበርከክ ይበቃሃል፤ ደግሞ ከጎን ይሁን" አሉኝ።

ተንበረክኬ ከጎን አነሣሁ። እሳቸውም ፎቶውን በስልካቸው ለባላቸው ላኩት። ባልየው ወዲያው ደወለ፤ "ትንሽ ናት። ግቷ ግን ሙሉ ነው፤ ግዣት።" በፊተኛው ፎቶ ግቷ ጭራሽ አልታየም ነበር።

ገዟት። ከዚያ ወዲህ ላም ስለማላስረዝምለት፣ አያሌው "እጁ ተበላሸ" እያለ እስከ ዛሬ ያማኛል።

ከብት የምታነሡ ከጎን አንሡ። ካሜራውን ከሆዱ ትይዩ አድርጉት፤ አጠገቡ ሰው ይቁም። ገዥው መጥቶ ማየቱ አይቀርም።