ከአምባሩ ሥር

ልብስ ሰፊ ሜትሩን በክንድዎ ዙሪያ ሲያዞር ድንገት ሐሳብዎ ርቆ ሄዶ ያውቃል? እኔ ትናንት ጂንካ ጋዋን ላሰፋ ገብቼ፣ ሜትሩ ክንዴን ሲነካው ሐሳቤ ወደ ልጅነቴ፣ ቀይ አፈር በምትባለው ከተማችን ሕፃናት ይለኩበት ወደነበረው ዛፍ ሥር ጭልጥ አለ።

እናቴ ገና መራመድ የጀመረች እህቴን አቅፋ ተሰልፋለች። የእህቴ የነሐስ አምባር ያን ሰሞን ከክንዷ እየወረደ ስላስቸገረ፣ እናቴ ከሥሩ ጨርቅ ጠቅጥቃበታለች።

“አምባሩን አውልቂላት” አለች የጤና ሠራተኛዋ፣ ባለቀለሙን የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ይዛ።

“ለምን? ወፍራም ናት እኮ! ጉንጯን እይ!”

ከኋላችን የነበረች ጎረቤታችን ሳቀች። “ነሐሱ ይሆናላ የወፈረው!”

አምባሩ ሳያታግል ወለቀ። መለኪያው እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ቀዩ ላይ ቆመ።

“ይቺ ልጅ የራሷን ሥጋ እየበላች ነው። አሁኑኑ ጂንካ ሆስፒታል ውሰጃት!”

እኔ ደንግጬ የእህቴን ጣቶች እያገላበጥኩ የጥርስ ምልክት ፈለግኩ። እናቴ አምባሩን እዚያው ጥላ ወደ መኪና መንገዱ ሮጠች።

እህቴ ተረፈች። ነገሩ የገባኝ ግን መምህር ስሆን ነው፦ ምግብ ሲያጥር ሰውነት መጀመሪያ ስቡን፣ ቀጥሎ ጡንቻውን ይጨርሳል። ጉንጭ አብጦ ሊያታልል ይችላል፤ ክንድ ግን ይከሳል። ዛሬም የተማሪ ክንድ ሳይ በዓይኔ ሳልለካ አላልፍም።

እርስዎም ትንሽ ልጅ ካለዎት እጅጌውን ሰብስበው፣ በትከሻውና በክርኑ መሃል ክር ያዙሩ። ጫፉ የገጠመበትን ቋጥረው ያስቀምጡት። በወሩ ደግመው ሲለኩ ክሩ ከላላ፣ እስከ ነገ አይቆዩ፤ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይውጡ።