የነፋሱ ልብስ አጣቢ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ የቪዲዮ ቤት ነበረ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ስድስት አግዳሚ ወንበር ነው። ሁለት ማራገቢያም ነበረው፤ አንደኛው ግን እንደ ልቡ ነው፣ ሲያሻው ይዞራል፣ ሲያሻው ይቆማል። በዚያ ቤት ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማይክራፎን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ማን ምን ይለኛል!

ሥራዬ እንዲህ ነበር። ፊልሙ በፈረንሳይኛ ይታያል፤ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ እዚያው በዚያው በአማርኛ አወራዋለሁ። ሰውየው ሲቆጣ እቆጣለሁ፣ ሴትየዋ ስታለቅስ አለቅሳለሁ፣ ሕንፃ ሲናድ ደግሞ «ወይኔ ወገኖቼ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ተመልካቾቼ እንደኔው ሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ናቸው። የብዙዎቹ ፈረንሳይኛ «አምጪ» እና «ውሰጂ» ላይ ያበቃል። ሳምንቱን ስንታዘዝ ከርመን ዓርብ ከቀትር በኋላ ስንለቀቅ፣ ወንዱ ሁሉ በየቤቱ ለጫቱ ሲሰየም፣ እኛ ነጠላችንን ጣል አድርገን እዚያ እንሰበሰባለን።

የምሠራው ከባሕሩ አጠገብ ከሚኖሩ ፈረንሳዮች ቤት ነበር። ስድስቱን ቀን ከአፌ የሚወጣው «ዊ ማዳም» ብቻ ነው። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን እኔም የምለው ነገር ይኖረኛል ብላ አስባ አታውቅም። እና ያቺ ማይክራፎን ለኔ ቀልድ አልነበረችም። እሷን ከተቀማሁ በዚያ ከተማ ውስጥ ቃሌን የሚሰማ ሰው አይኖረኝም ነበር።

ፈረንሳይኛውን ያስተማረችኝ የማዳም ልጅ ናት። ክፍሏ ከወለል እስከ ጣሪያ በቤዴ የተሞላ ነበር። ቤዴ የሚሉት በሥዕል የሚነገር መጽሐፍ ነው፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው በሚወጣ እንደ ፊኛ ባለ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ትንሽ ልጅ ሳለች እኔ ልብስ ስተኩስ አጠገቤ ወለሉ ላይ ትቀመጥና ጣቷን በየፊደሉ ላይ እያሳለፈች ታነብልኛለች። እኔም በአንድ ዓይኔ ሸሚዙን፣ በአንድ ዓይኔ ሥዕሉን እያየሁ ቋንቋው ሳላስበው ገባኝ። አንድ ሁለት ሸሚዝ አቃጥያለሁ፤ አልክድም።

ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ልቤን የወሰደው ሰማያዊ ጭንብል የሚያጠልቀው ጀግና ነው። ነፋስ ላይ እንደ ደረጃ እየረገጠ ይወጣል። እኛ ሴቶቹ «ነፋሱ» ብለን ስም አወጣንለት። ቀን ቀን የወደብ ጸሐፊ ነው፣ ማንም ከቁብ አይቆጥረውም፤ ክፉዎች ሲመጡ ግን ጭንብሉን ያጠልቅና ሰማይ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ነፋሱ ፊልም ሆኖ መጣ፤ ጉድም ፈላ። የማዳም ልጅ፣ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ እቤታቸው አይታው ወጥ ቤት ሮጣ መጣች። «አበላሹት! ጭራሽ ሌላ ሰው አደረጉት!» አለችኝ። በእሷ ቤት ከመጽሐፉ አንዲት ነጠብጣብ የቀየረ ሁሉ ሌባ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ተቃራኒዋ ነው። አባቱ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱ እዚያው ጅቡቲ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን በፈረንሳይኛና በሶማሊኛ እየቀላቀለ የሚናገር፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነው። «ቤዴ የሕፃን ጨዋታ ነው። ፊልም ማለት ፊልም ነው፤ ይንቀሳቀሳል፣ ሙዚቃ አለው፣ አለቀ» ይላል።

ሴቶቹም ለሁለት ተከፈሉ። በመጽሐፉ ነፋሱ ቀጭን፣ አፍንጫው ጠመም ያለ ሰው መሆኑን ስነግራቸው አንዷ ከኋላ ወንበር «ታዲያ ፊልሙ ምን አጠፋ? አሳምሮ ነው ያመጣልን!» ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። ሌላዋ «ኧረ የጠመመው ይሻለኛል፤ መልከ መልካሙን ማን ያምነዋል?» አለች። በዚህ ሲሟገቱ ፊልሙ ሳይጀመር ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

የኔ ሙግት ግን በመልኩ አልነበረም። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ልብስ አጣቢ አለች። ነፋሱ ቆስሎ ሲመለስ ደም የነካውን ጭንብል ከሸሚዞቹ መሐል የምታገኘው እሷ ናት። ማንነቱን ከዓለም ሁሉ አስቀድማ ታውቃለች፤ ፖሊሶች ሲመጡም ጭንብሉን ከማጠቢያው ገንዳ ሥር ትደብቀዋለች። ፊልሙ ይህን ሁሉ ነጥቆ ሐኪም ለሆነችው ፍቅረኛው ሰጠው። ለአጣቢዋ የተረፋት ጀርባዋ ብቻ ነው፤ ልብስ ስታሰጣ ለአንድ አፍታ ትታይና ትጠፋለች። እንዴት ተደርጎ! ደሜ ፈላ።

እና እኔ ምን አደረግሁ? ያቺ ጀርባ ብቅ ስትል ማይኩን አፌ ላይ አስጠግቼ እናገርላታለሁ። «ልጄ፣ ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው፤ በሙቅ ካጠብከው ይረጋል። ጭንብልህን እዚህ ተወው፣ እኔ አለሁ» እላለሁ። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። ፊልሙን በጠየቁን ቁጥር ደግመን አሳየነው፤ እነሱም ያቺን ቃል ለመስማት ነበር የሚመጡት።

አንድ ዓርብ ባለቤቱ መሐል ላይ ቴሌቪዥኑን አቆመው። «ቆይ እስቲ፣ ይህን የሚለው የት ነው? ፈረንሳይኛ እኔም እሰማለሁ! ከራስሽ እየፈጠርሽ ነው» አለኝ በሰው ፊት።

«ከመጽሐፉ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው መጽሐፉን አምጪ። እዚያ ውስጥ ካለ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ከሌለ ማይኩን ታስረክቢያለሽ፤ ሰዉን ስታታልዪ ቆሜ አላይም።»

«አመጣለሁ!» አልኩ አፌን ሞልቼ። ወጥቼ ስሄድ ነው የገባኝ። ከሰው ቤት ዕቃ ይዞ መውጣት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ሰው ቤት የሠራ ያውቀዋል። ዓርብ ስንወጣ ዘበኛው ቦርሳችንን ከፍቶ ያያል። አንዲት ማንኪያ ቢያገኝ ሥራም፣ የመኖሪያ ወረቀትም፣ ስምም በአንድ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ የማዳምን ልጅ ለመንኳት።

ፊቷ በራ። የፊልም ወዳጅ የሆነ ሰው በመጽሐፍ ሊረታ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ደግሞ መጽሐፍ እንደ ታቦት ነው የምትይዘው። መጽሐፉን በላስቲክ ከረጢት ከትታ አፉን በፕላስተር አሸገችው። «እዚያ ስትደርሺ እጅሽን ታጥበሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ክፈቺው። ገጹ እንዳይታጠፍ!» አለችኝ። ለዘበኛውም «እኔ ነኝ ያዋስኳት» ብላ በእጇ ጽፋ ፈረመችልኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ዘበኛው ወረቀቱን ዘቅዝቆ ይዞ በደንብ ካነበበው በኋላ ራሱን ነቅንቆ አሳለፈኝ።

በመንገድ ላይ ከፍቼ አላየሁትም። ለምን ብዬ! በቃሌ የማውቀውን መጽሐፍ።

ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። አንዷ ከጠርሙስ ውሃ አፈሰሰችልኝ፣ ታጠብኩ፣ በነጠላዬ አደረቅሁ። ፕላስተሩን ቀስ አድርጌ ላጥኩትና ገጹን አወጣሁ። አጣቢዋ አለች። በሦስት ትናንሽ ሥዕሎች ውስጥ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ነፋሱ ይናገራል፣ ከአፉ ክብ ወጥቷል። ፖሊሶቹ ይናገራሉ፣ የእነሱም ክብ አለ። እሷ ጋ ምንም የለም። ገጹን ገለጥኩ፣ መለስኩ። አንዲት ቃል የለችም።

ክው አልኩ። በእመቤቴ እምላለሁ፣ ሰምቻት ነበር። ልጅቷ ስታነብልኝ፣ እኔ ስተኩስ፣ ዓይኔ ሥዕሉ ላይ ሲሆን፣ ያቺ ሴት ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለካ ቃሉን ያጎረስኳት እኔው ነኝ።

ባለቤቱ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ አየ። «ይኸው! ከንፈሯ እንኳ አልተላቀቀም!» አለ። ጥርሱ ሁሉ ታየኝ። «ማይኩን።»

ሰጠሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ይሄኔ አንዲት እናት ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ነው የሚኖሩት፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ልብስ ያጥባሉ፤ ዓርብ በሚኒባስ ይመጡና ከእኛ ሁሉ ቀድመው ይቀመጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም። «እስቲ አሳዪኝ» አሉኝ። እጃቸውን ታጠቡ፤ እንደዚያ ዓይነት እጅ ደግሞ ከዚያ በላይ መታጠብ አያስፈልገውም ነበር። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ይሄ ምድጃው ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ማንቆርቆሪያ ነው፣ እትዬ።»

«ይጨሳል፣ አይደል? ፈልቷል ማለት ነው።» ጣታቸውን ወደሚቀጥለው ሥዕል ወሰዱት። «ይሄ ገንዳዋ ነው። እስቲ እዩ፤ ጢስ የለውም። ማንቆርቆሪያው ከነጢሱ እንደተጣደ ነው፣ አልነካችውም። ቅድም ሙሉ የነበረው ባልዲ ግን አሁን ባዶ ሆኗል። የፈላ ውሃ እጇ ላይ እያለ ከባልዲው የቀዳችው ለምንድን ነው?»

«ደም ስለሆነ ነዋ!» አሉ። ቀና ብለው ባለቤቱን አዩት። «ይህን የሣለው ሰውዬ አጣቢ ያሳደገችው መሆን አለበት። ልጄ፣ እኔ ቁርስ ከሚበሉበት እስከ ማታ ሰው ቤት ውዬ አንድ ቃል ሳልተነፍስ እገባለሁ። የምለው ስለሌለኝ ይመስልሃል? ይቺ ልጅ ከራሷ አልፈጠረችም። የሴትየዋን እጅ ነው ያነበበችው።»

ጭብጨባው፣ እልልታው፣ የወንበር ድብደባው! ያ ሰነፍ ማራገቢያ ሳይቀር መዞር ጀመረ። ባለቤቱ መጽሐፉን ተቀብሎ ማንቆርቆሪያውን፣ ከዚያ ገንዳውን፣ ከዚያ ባልዲውን አየ። ይገባዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እሱ ግን ጨዋ ሰው ነው። ማይኩን መለሰልኝ። «ይቅርታ» አለ ሁሉም እየሰማ። ቀጥሎም «ግን ሕንፃ ሲናድ ‹ወይኔ ወገኖቼ› የምትይውን ቀንሺው፤ ጆሮዬን አደነቆርሽው» አለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እኔ ግን አልቀነስኩም።

ማታ መጽሐፉን ስመልስ ለልጅቷ ሁሉንም ነገርኳት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያነበበችው መጽሐፍ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ቃል በቃሏ ትለዋለች። ገጹን ከፈተች፣ አጎንብሳ አየች። «ማንቆርቆሪያውን አይቼው አላውቅም» አለችኝ ቀስ ብላ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ስታነብ ተነስታ ወጥ ቤት ትመጣና «አንቺስ ምን አየሽ?» ትለኝ ጀመር።

እነማዳም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እኔ ሌላ ቤት፣ ከዚያም ሌላ ቤት ሠራሁ። የቪዲዮ ቤቱም ሰው ሁሉ ፊልሙን ስልኩ ላይ ማየት ሲጀምር ተዘጋ። እኔም አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን ጓዜን ጠቅልዬ፣ ለአገሬ ልበቃ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ተቀምጬ ነበር።

አጠገቤ ሁለት ወጣት ሴቶች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ሰማያዊ ጭንብል ሳይ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ቆርጠውታል እኮ!» ትላለች አንደኛዋ። «እዚህ ጋ አጣቢዋ ትናገራለች። ካርቲየ 6 ቪዲዮ ቤት ስናይ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ምን ትናገራለች? ጀርባዋ ብቻ ነው ያለው! ሕልም አይተሽ ነው» አለች ጓደኛዋ።

«በሞቴ! ሙሉው ላይ አለ! ይሄ የተቆረጠው ነው።» ዞር አለችና እኔን አየችኝ። «እስቲ እትዬ፣ እርስዎ ይፍረዱን፤ ይህን ፊልም ያውቁታል?»

ማይክራፎን አልነበረኝም። ቀና ብዬ ተቀመጥኩና በዚያ በድሮ ድምፄ፣ የጣቢያው ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ፣ «ልጄ፣ ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው» አልኩ።

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጓደኛዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ ስልኩን እያየች «እርስዎም ሳይቆረጥ አይተውታል ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «እኔ ያየሁት ሙሉውን ነው።»