ያልወጣሁት ዳገት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴ ፊት ስንበረከክም ቁጣዬንና ውሸቴን እዘረዝርና ይህቺን እዘላታለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። እህቴን የገደልኳት እኔ ነኝ።

ሥራዬ የሌላ ፕላኔት መሬት ማጥናት ነው። ማርስ ላይ የሚሄድ ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት አለ። እኔና ባልደረቦቼ እሱ የሚልከውን ፎቶ እያየን አፈሩ ይይዛል ወይስ ይንሸራተታል ብለን እንወስናለን። ማናችንም እዚያ አልረገጥንም፤ አንረግጥምም። ሰው ግን ያልረገጠውን መሬት በፎቶ ሲያውቅ ከኖረ መርገጥ የማያስፈልግ ይመስለዋል። እኔ መሰለኝ። ለእረፍት አገሬ ቦንጋ ስገባ የሰፈሩ ሰው «ሰማይ ቤት ሥራ የያዘው መጣ» እያለ ሲቀልድብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘመኑ ቀበሌው ሁሉ በአንድ ለአምስት ስብሰባ የተጠመደበት ነው። በዚያ ክረምት ሮቦቱ አሸዋማ ተዳፋት አፋፍ ላይ ቆሞ ባልደረቦቼ የእኔን ሐሳብ ይጠብቁ ነበር። እኔም ቦንጋ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ከሚቆራረጠው መስመር ጋር እታገላለሁ። ታላቅ እህቴ እትዬ ፀሐይ ከምትኖርበት ከማንኪራ ጭቃውን አቋርጣ እዚያው ድረስ መጣች። ባሏ ጋሽ ወዳጆ ያነሱትን ፎቶ በስልክ ይዛለች። ከቤታቸው በላይ ጫካው ውስጥ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ዝናቡም አላቆመም። ቡናውንና ንቡን ጥለው ዋጫ ወዳለው የባሏ ወንድም ዘንድ መሄድ አለባቸው ወይ? ጨንቋታል።

«መጥተህ ብታይልኝ» አለችኝ።

ፎቶውን ወደ ስልኬ አስተላለፍኩና አየሁት። አየሁት ልበል? ዓይኔ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። «ላይ ላዩን ነው፤ ተቀመጡ» አልኳት። እፎይ ብላ ጨውና ሳሙና ልትገዛ ወደ ገበያ ሄደች።

እሷ እንደወጣች ለባልደረቦቼ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ? ተዳፋቱ አያስተማምንም፣ ሮቦቱን አንድ ስንዝር እንዳታንቀሳቅሱት፣ ደጋግመን እንየው አልኩ። ነፍስ ለሌለው ብረት ሳሳሁ። ለእህቴ ግን ተቀመጡ አልኩ። ማርስ መሄድ አልችልም፤ ማንኪራ ግን በእግር የሚደረስበት ነው። ምን ያዘኝ? ጭቃው ነው? ሥራው ነው? ትዕቢት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሳምንት ሳይሞላ ዳገቱ ተናደና ቤቱን ከነእህቴ ቀበረው። ጋሽ ወዳጆ ቀፎ ሊያዩ ወጥተው ስለነበር ተረፉ። ሮቦቱ ከተዳፋቱ በደህና ወረደ። ባልደረቦቼ ላሳየሁት ጥንቃቄ ያመሰገኑበት መልእክት የደረሰኝ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነው።

ያን ዕለት ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ስንጥቁ ጥልቅ ነው፤ ዛፎቹ ወደ ቤቱ አዘንብለዋል። ጀማሪ ተማሪ እንኳ አይስተውም። ፎቶውን አጠፋሁት።

የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። ጋሽ ወዳጆ ድንኳን ውስጥ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ወጥ ቤቱን ለማስፋት ከጓሮ፣ ከዳገቱ ግርጌ ትንሽ አፈር ቆርጠው ነበርና እሱ ሌሊትና ቀን አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ አትደብቀኝ። በእኔ ነው?» አሉኝ።

በእሳቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስንጥቁ አፈር ከቆረጡበት ቦታ እጅግ ርቆ ላይ ጫካው ውስጥ ነበር። «ሊሆን ይችላል» አልኳቸው።

ተቀመጡ ማለቴን አንድ ቀን አላነሱብኝም። እንዲያውም «አፈር መቁረጤን ሳልነግረው እሱ ምን ያድርግ» እያሉ ለሰው ሁሉ ይሟገቱልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዶማ አልጨበጡም። ቡናውንም ቀፎውንም ትተው ዋጫ ወንድማቸው ቤት ገቡ። ሰው ሞቶ ጎረቤቱ መቃብር ሲቆፍር እሳቸው ዳር ቆመው ያለቅሳሉ ብለው ሰዎች ይነግሩኝ ነበር። ይህን እየሰማሁ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ እዚያም የማርስን ድንጋይ አገላብጬ አያለሁ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከዓመታት በኋላ ታመው አስጠሩኝ። ወንድማቸው ወንበር አቀረበልኝና ወጣ። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳሰናዳ ነው የደረስኩት። ቀደሙኝ።

«እህትህን በላሁብህ። ይቅር በለኝና ልሂድ» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። «ይቅር ብያለሁ» አልኳቸው።

በደከመ እጃቸው እጄን ስበው ሳሙኝ። በማግስቱ አረፉ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉትን ሁለቱንም ቀብሬያለሁ።