የመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረችው ልጅ

የሰፈራችንን ታፔላ ጻፊ ሁላችንም ጋሽ ብሩሽ እንለው ነበር። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ እሷም ብትሆን «አንተ ሰውዬ» እያለች ነው የምትጠራው። የፀጉር አስተካካዩን መቀስ፣ የጫማ ሰፊውን ቡትስ፣ የጥርስ ሐኪሙን ነጭ በነጭ ፈገግታ የሳለው እሱ ነው። ፊደሉ ቀጥ ያለና ጨዋ ነበር። ሥዕል ላይ ግን አንድ ችግር ነበረበት፤ ከራሱ አመንጭቶ መሳል አይሆንለትም። ፊት ለፊቱ ያልተቀመጠ ነገር ከእጁ አይወጣም። እንቁላል ሻጯ ጎጆዋ ላይ የተኛች ዶሮ ሳልልኝ ባለችው ጊዜ፣ ዶሮዋ እስክትተኛለት ድረስ ደጇ ላይ ብሩሹን ይዞ ሲቁለጨለጭ ዋለ።

«ዶሮ አይተህ አታውቅም እንዴ?» አለችው ሴትየዋ።

«አውቃለሁ። የአንቺን ግን አላውቃትም።»

ስለዚህ አሠራሩ የታወቀ ነበር። መጀመሪያ ያየውን ልክ እንዳየው አድርጎ ይስላል። ያ ሲደርቅለት ደንበኛው የሚፈልገውን በላዩ ላይ ይጨምርበታል። «መጀመሪያ እውነቱን፣ ከዚያ የተከፈለበትን» ይል ነበር፣ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ።

አንድ የዱቄት ወተት አከፋፋይ የመድኃኒት ቤቱን የጎን ግድግዳ ተከራየና ጋሽ ብሩሽን አስጠራው። የፈለገው ጉንጯ የሞላ፣ የወተት ጣሳ ያቀፈች ሕፃን ነው። ጋሽ ብሩሽ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። እቤቱ ከክርኗ በላይ ሥጋዋ እጥፍጥፍ ያለ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ዱባዬ» እያለ የሚቀባበላት ልጅ ነበረችው። እናቷ የጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢ ናት። በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ፣ እጇ ገና ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ታጠባታለች። ዱባዬ ከእናቷ ጡት ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ሣጥን ላይ ትራስ አንጥፈው አስቀመጧት። እናቷ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ጠበቀቻት። ልጅቷ ግን አልረጋ አለች፤ ትራሱን ትጎትታለች፣ የአባቷን እግር ትይዛለች። በመጨረሻ ብሩሽ የሚያጥብባትን ትንሽ ሰማያዊ ባልዲ ሰጣት። ባልዲዋን እቅፍ አድርጋ፣ አገጯን ጠርዙ ላይ አስደግፋ ሳቀች። ያን ጊዜ ሳላት። ቀለሙ ሲደርቅ፣ አከፋፋዩ ራሱ ባመጣው ቀለም ባልዲው ላይ የወተት ጣሳውን ደረበበት።

አከፋፋዩ መጥቶ ሲያይ እጁን አጨበጨበ። «ይህቺ ልጅ የኛን ወተት ነው የምትጠጣው?»

«አይ። እናቷ አለች።»

«እንግዲያው ለማንም እንዳትናገር» አለና ሳቀ። ጋሽ ብሩሽም አብሮት ሳቀ። ያኔ ነገሩ ቀልድ ነበር።

ዱባዬ መሮጥ ሳትጀምር ኩፍኝ ወሰዳት። ፎቶ ቤት እንውሰዳት ሲሉ፣ መጀመሪያ ጫማ ይገዛላት ሲሉ፣ ቀኑ ሄዶ ነበር። ከልጅቷ የቀረ መልክ ቢኖር ግድግዳው ላይ ያለው ብቻ ነው።

እናትየው ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ መንገዷን አጠማዝዛ በዚያ በኩል ታልፍ ነበር። መኪና ያቦነነው አቧራ የልጅቷ ጉንጭ ላይ ያርፋል። በሻሿ ጫፍ ትጠርግላትና ቀና ብላ ትሄዳለች። የምናውቅ ሰዎች እንዳላየን እናልፋለን። ጋሽ ብሩሽ ልጁን ሰሌዳ ላይ ለመገልበጥ ደጋግሞ ሞክሯል። የሚወጣለት ግን ሌላ ልጅ ነው። «እሷን እያየሁ ነው የሳልኳት። ግድግዳውን እያየሁ ስስል ግድግዳ ነው የሚወጣልኝ» አለኝ አንድ ቀን፣ የሳለውን ሰሌዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እያስቀመጠ።

ከዚያ ሕጉ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ቤት በሬዲዮ ሲነገር ሰምተነዋል፤ የዱቄት ወተት ማስተዋወቅ ተከለከለ፣ ለእናቶች ናሙና በነፃ መስጠት ተከለከለ፣ ለወተቱ ሲባል የሕፃን ሥዕል መለጠፍ ተከለከለ። ተላጪው «አሁን ደግሞ ሕፃን ሊከለክሉ ነው?» አለና ተሳሳቅን። ማናችንም ስለ ዱባዬ አላሰብንም።

ብዙም ሳይቆይ ከጤና ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣች፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ወጣት ሴት ናት። የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት፣ ሐኪም ሳይሆን ሰፈሩ «ዶክተር» ያደረገውን ሰው፣ ይዛው ወደ ግድግዳው ወጣች።

«ይኼ መጥፋት አለበት፣ ጌታዬ።»

ዶክተር አንገቱን አከከ። «እመቤቴ፣ ወተቱን ከመስኮት አነሳለሁ፣ ቅናሹንም አቆማለሁ። ይህቺን ግን… የሰው ልጅ ናት።»

«ሁሉም የሰው ልጅ ነው።»

«አይ፣ ማለቴ የሠዓሊው ልጅ ናት። ሞታለች።»

ተቆጣጣሪዋ ሥዕሉን እንደገና ቀና ብላ አየችው። ጋሽ ብሩሽ ተጠርቶ መሰላሉን ተሸክሞ መጥቶ ነበርና «ጣሳውን ብቻ ባጠፋውስ?» አለ።

«አባባ፣ ይህን መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ጣሳውን ያውቀዋል። ቢጠፋም ያየዋል። ወተቱን የሚሸጠው ቤትም ይኸው ነው።» ከዚያ እንደ መለመን ባለ ድምፅ፣ «ጊዜ ልስጥዎት። ሲመቸኝ ተመልሼ እመጣለሁ» ብላ ሄደች።

«ሌላ ሰው ልጥራ?» አለ ዶክተር።

«የሌላ ሰው እጅ አይነካትም» አለ ጋሽ ብሩሽ። መሰላሉን ተሸክሞ ተመለሰ። ለሚስቱ አልነገራትም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሌላ ሥራ አገኘ፤ የማይጠገን ታፔላ ይጠግናል፣ ያልደበዘዘ ፊደል ያደምቃል። ሚስቱም እንደ ልማዷ በጠዋት ጉንጯን እየጠረገች ታልፋለች።

ነገሩን የቆረጠው ሚስቱ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር የተገናኘችበት ቀን ነው። ልብስ ሰፊዋ ለሰፈሩ አዲስ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው እዚሁ ነው። ልብስ አጣቢዋ የታጠበ አንሶላ ተሸክማ ወደ ጤና ጣቢያው ሕፃናት ክፍል ስትገባ፣ ሴትዮዋን ጥግ ላይ ባለ አልጋ ቁጭ ብላ አገኘቻት። ጭኗ ላይ ያለው ልጅ ዓይኑ ብቻ የቀረ ይመስላል።

«ምን ሆነብሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ተቅማጥ ነው፣ እትዬ። ወተቱ አልተስማማው ይሆናል ብዬ ባቀጥነውም አልተሻለውም።»

«ምን ወተት?»

«የጣሳውን። ቶሎ እንዳያልቅብኝ ውኃ እያበዛሁ ነው የምሰጠው።»

«ጡትሽስ? አልወጣልሽም?»

«ወጥቶልኝ ነበር። የተውኩት እኔው ነኝ።» ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። «እንደዚያችኛዋ እንዲሆንልኝ ብዬ። መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችውን አይተሻት የለም? ጉንጯን? ሁልጊዜ ስፌት ላይ ቁጭ ብዬ በመስኮት አያታለሁ። የኔ ወተት እንደዚያ አያደርግም ብዬ ነው።»

ልብስ አጣቢዋ አንሶላውን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ በኋላ ራሷ እንደነገረችን፣ ለረጅም ጊዜ ያልተናገረችውን ነገር ተናገረች።

«እሷ የኔ ልጅ ናት። ያንን ጉንጭ ያመጣው የኔ ጡት ነው። ያን ጣሳ ቀምሳው አታውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ይዛ ቀረች። ነርሷ መጣች፤ ልጁን ቀስ በቀስ ወደ ጡት መመለስ እንደሚቻል፣ ደጋግማ ብታጠባው ወተቱ እንደሚመለስ አስረዳቻት። ልብስ አጣቢዋ ከሥራ ስትወጣ በዚያ መንገድ አላለፈችም። በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

«አንተ ሰውዬ፣ ያቺን ልጅ አጥፋት።»

ጋሽ ብሩሽ ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

የተቆጣጣሪዋን ነገር ያን ጊዜ ነገራት። እሷም የልብስ ሰፊዋን ነገረችው።

«ልጄ በሕይወቷ አንድ ቃል ዋሽታ አታውቅም» አለች በመጨረሻ። «ገና አፏን አልፈታችም ነበር። አሁን በየቀኑ ቆማ ትዋሻለች። እኔም ጉንጯን እየጠረግሁ አሳምርላታለሁ።»

«ሌላ መልክ የለንም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

በማግስቱ አብረው መጡ። እሷ ከሥራዋ አስፈቅዳ ነው። ዶክተር ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ወጣና፣ «ከመጥፋቷ በፊት ፎቶ አንሺውን ልጥራላችሁ? ሒሳቡ በኔ ነው» አላቸው።

«ይቅር» አለች እናትየው። «ፎቶውም ላይ ጣሳውን ታቅፋ ነው የምትወጣው። እቤቴ አላስገባውም።»

ጋሽ ብሩሽ መሰላሉ ላይ ወጣ። ፊቷን አስቀድሞ መንካት አልቻለምና ከጣሳው ጀመረ። መፋቂያውን ጠርዙ ላይ ቢያስገባው ቀለሙ እንደ ልጣጭ ተነሳ፤ ያ አከፋፋይ ያመጣው ቀለም ርካሽ ነበር፣ የታችኛውን በደንብ አልያዘም። አንድ ጊዜ ፋቀ። አንድ ጊዜ ደገመ። ከዚያ መፋቂያው አየር ላይ ቆመ።

ከሥር ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ።

«ባልዲዬ» አለ ጋሽ ብሩሽ፣ ለራሱ።

ረስቶት ነበር። ስንት ግድግዳ ሠርቶ ስንቱን እውነት በስንት የተከፈለበት ነገር ሸፍኗል፤ ሁሉንም የሚያስታውስ ጭንቅላት የለውም። በላምባ የራሰ ጨርቅ ይዞ የቀረውን እንደ ቁስል ቀስ እያለ አጠበው። ጣሳው አልቆ ልጅቷ ባልዲዋን ታቅፋ፣ አገጯን ጠርዙ ላይ አስደግፋ ቀረች፤ ያን ቀን ልክ እንደነበረችው። የባልዲው እጀታ እንደተጣመመ ነው።

እናትየው ወደ መሰላሉ ተጠጋች። «እዩዋት፣ ይቺ ናት» አለች። ብዙ ቆይታ ወደ ዶክተር ዞረች። «ዶክተር፣ ያን ፎቶ አንሺ አሁን ጥራልኝ።»

ፎቶ አንሺው ብርሃኑ ሳይሸሽ ደረሰ። መሰላሉን ላንሳው ቢል ጋሽ ብሩሽ እንቢ አለ፤ በፎቶው በግራ በኩል የመሰላሉ እግርና የአባትየው ጫማ ይታያሉ። ከዚያ ኖራ በጥብጦ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ቀባው። ፊቷ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር ይላሉ፤ እኔ አላየሁም፣ ጀርባውን ነው ያየሁት።

ፎቶው በሚኖሩባት ክፍል፣ አልጋው ራስጌ ላይ ተሰቀለ። ልብስ ሰፊዋ ልጇ አገግሞ ከወጣች በኋላ ልትጠይቃቸው ስትመጣ አየችው። ልጁ ጉንጭ አውጥቶ እቅፏ ውስጥ ይጠባ ነበር። «ውይ እትዬ፣ ጣሳውን የት አደረጋችሁት?» አለች።

«መጀመሪያም አልነበረም» አለቻት ልብስ አጣቢዋ።

ግድግዳው አሁንም ነጭ ነው። ልብስ አጣቢዋ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዚያው መንገድ ስትሄድ አያት ነበር። ጥግ ጋ ስትደርስ እጇ አንዳንዴ ወደ ሻሿ ይነሳል። ከዚያ ሻሿን ልታስተካክል ያሰበች መስላ ፀጉሯን ወደ ውስጥ ትከትና መንገዷን ትቀጥላለች።