በደረቱ ላይ የሰፋሁት ኪስ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥር ወር ነው። የማልረሳው፣ ልጄን የጠበቅሁ መስሎኝ አደጋ ላይ ልጥለው ስለነበር ነው።

የምንኖረው ዩለስ የምትባል ሞቃታማ ከተማ ነው። ልጄ ናሆም ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ኮሎራዶ ሄዶ በረዷማ ተራራ ላይ ስኪ የሚሉትን የበረዶ ሸርተቴ ሊጫወት ተነሣ። እኛ እዚህ መንገዱ ትንሽ በረዶ ከያዘ ከቤት አንወጣም። ላስቀረው ሞከርኩ፤ አልሆነም። በየሰዓቱ ስደውል እንዲያነሣ ቃል አስገባሁት። ብርዱ ባትሪውን እንዳይጨርሰው ደግሞ በውስጥ ልብሱ ደረት ላይ ለስልኩ ኪስ ሰፋሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ከጸሎት ስነሣ ደወልኩ። አነሣ።

«እማ፣ ተራራውን የምትመራን ጋይድ ስልክህን አጥፋና ከደረትህ አውጣው እያለችኝ ነው።»

«ምን አገባት? እንዳታጠፋ!»

ጓደኞቹ ከኋላ ሲስቁበት ይሰማኛል።

«ኦኬ፣ ሶ አንቺው አናግሪያት» ብሎ ስልኩን ሰጣት።

ሴትዮዋ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። የበረዶ ናዳ ሰው ሲቀብር የሚፈለገው ደረት ላይ በሚታሰር፣ ምልክት በሚልክ መሣሪያ እንደሆነ ነገረችኝ። ስልክ አጠገቡ ካለ ምልክቱን ይረብሸዋል።

«የሁሉንም ስፈትሽ የልጅሽ ብቻ ይቆራረጣል። ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ ብሎ ስልኩን አላወጣም አለኝ።»

 «ስልኩን ስጪው» አልኳት።

«አጥፋው ልጄ። ከቃልህ ፈትቼሃለሁ።»

ተዘጋ።

ዳዊቴን ገልጬ ተቀመጥኩ። አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። እህል አልቀመስኩም።

ከሰዓት በኋላ ደወለ። «ሳንወጣ ተመለስን» አለኝ፤ ተናዷል። መሪያቸው በረዶውን በአካፋ ቆፍራ አይታዋለች። ላዩ ጠንካራ ነው፤ ሥሩ ግን እንደ ስኳር ይፈሳል። ሰው ከረገጠው የላዩ ተነቅሎ ይወርዳል ብላ ከለከለቻቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነድተን መጥተን ብለው ቢለምኗትም እምቢ አለች።

በማግሥቱ ወደ ቤት ሲነሡ ከመንገድ ላይ ሆነው አዩት። ሊወጡበት የነበረው ተዳፋት ተገፎ በረዶው ታች ተከምሯል። ማንም አልነበረበትም። ናሆም ፎቶውን ላከልኝ፤ ከሥሩ ምንም አልጻፈም።

ሲመጣ ልብሱን አጥቤ ኪሱን ተረተርኩት።

ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስም ስናስጽፍ የክርስትና ስም ነው የምንሰጠው። የጋይዷን ስም አላውቅም። «ልጄን ከተራራ የመለሰችው ሴት» ብዬ ሰጠሁ።

ካህኑ «ወለተ ማርያም፣ ይህማ ስም አይደለም» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ያውቃታል አባ» አልኳቸው። ጻፉት።

ናሆም ዘንድሮም ከእሷ ጋር ሊወጣ ሄዷል። ይህን የምጽፈው እሱ ስልኩን አጥፍቶ ሳለ ነው። እፈራለሁ፤ ግን አልደውልም።