የአባቱ ሥዕል ያለበት ወረቀት

መለሰ ቢያዝን እንደኔ አፉ የማያርፍ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያወራው እሱ ነበር። እሱ ግን ካለፈው ግንቦት ወዲህ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔ ለይላ እባላለሁ፤ ጎንደር አራዳ ላይ፣ ከሱ ፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ የአባቴን የቅመም ሱቅ ይዣለሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው፤ ወላሂ ይበልጡ የኔ ነው።

መለሰ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው አንድ ማተሚያና አንድ ጨዋታ ነው። ጨዋታውን ከኢንተርኔት አግኝቶ ራሱ ወደ አማርኛ ተረጎመው። እሑድ ከሰዓት አራት ሆነን ቤቱ እንሰበሰባለን። እሱ ታሪኩን ይተርካል፣ እኛ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እንገባበታለን፤ ይሳካልን አይሳካልን እንደሆነ ዳይስ የሚሉትን ባለ ቁጥር ጠጠር ወርውረን እናያለን። መጀመሪያ ስቄበት ነበር። ጢም ያወጣ ሰው ጠንቋይ ጠንቋይ ይጫወታል? ቆይቼ ግን እሑድ አልደርስ የሚለው እኔን ሆነ።

ጭቅጭቁ ስሞቹ ላይ ነበር። በዚያ ጨዋታ አስማት የሚሠራ ሁሉ አንድ አይደለም። ከመጽሐፍ የተማረው አለ፣ ሲወለድ ይዞት የመጣ አለ፣ ከማይታይ ኃይል ጋር ውል የገባ አለ፣ ጸልዮ የሚፈውስ አለ። ሥራቸውም ለየቅል ነው። የተማረው ከሩቅ ቆሞ ጠላት ይጥላል፣ ፈዋሹ የወደቀ ጓደኛ ያነሣል። ፈዋሽነቱን እኔ ወሰድሁት። የተማረውን መለሰ «ደብተራ» አለው። ከነሱ በላይ የተማረ ማን አለ፣ ይለን ነበር።

ለደብተራው ወረቀት ሠራለት። ከላይ ሥዕል፦ ጥምጥም ያደረገ፣ መቋሚያ የያዘ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ሽማግሌ። የዜማ መምህር የሆኑትን የገዛ አባቱን፣ መሪጌታ ቢያዝንን ነበር የሣለው። ከሥሩ «ደብተራ ቢያዝን። አርባ ዓመት የተማረ። በቃሉ ይገድላል» ብሎ ጻፈ። ከጨዋታው ሰዎች ሁሉ ብርቱው እሱ ነው። መለሰ አባቱን ማክበሩ ነበር። ሸጋ አድርገህ ሣልኸው አልሁት፤ ምላሴን ይቁረጠው።

እኔ ያላወቅሁት ነገር ነበር፤ መለሰ ቢያውቀውም ወረቀቱን ከአራታችን ሌላ ያየዋል አላለም። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት መሪጌታ ቢያዝን ለአንድ የታመመ ልጅ ሥር በጥብጠው አጠጡትና ልጁ ሞተ። ቀድሞም ያለቀለት ልጅ ነበር። እናቱ ይመኙሽ ግን አስማት ደግመውበት ነው አለች፣ አገሩም አብሯት እንዲሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ሥር ምሰው አያውቁም፤ እንዲያም ሆኖ አምባ ጊዮርጊስ ሳሉ ሕፃን የታቀፈች ሴት በደጃቸው አታልፍም ነበር።

ማተሚያ ያበላሸው ወረቀት ወደኔ ነው የሚመጣው፤ ቅመም እጠቀልልበታለሁ። ስንሠራው የኖርነው ነገር ነው፣ ማን ያነበዋል? መለሰ ያንን ወረቀት ቀለሙ እየፈሰሰበት ስንት ጊዜ አበላሸና ከሌላው ጋር ደርቦ ሰጠኝ። እኔም ሳላይ ለአንድ የአምባ ጊዮርጊስ ደንበኛዬ ቁንዶ በርበሬ ጠቀለልሁበት። በሳምንቱ ይመኙሽ እጅ ገባ። ማንበብ አትችልም፤ ሥዕሉን ግን አየች፣ የሚያነብላትም አላጣችም። ይኸው፣ የገዛ ልጁ መሰከረበት እያለች አገሩን አዳረሰችው።

አባቱ የሚያገለግሉበት ደብር ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከመለሰ ጋር ሄድሁ። ጨዋታ ነው ብዬ ስንቱን ለፈለፍሁ፤ የተማረው ይህን ይሠራል፣ ፈዋሹ ያንን ይሠራል እያልሁ። ሰብሳቢው አያ አላምረው እስክጨርስ ታገሡኝና፣ በጨዋታችሁ ደብተራው ይገድላል ወይስ አይገድልም ብለው ጠየቁኝ። ይገድላል አልሁ። ምን ልበል?

ከዚያ ወደ መለሰ ዞሩ። የጻፍኸው እውነት ከሆነ አባትህ የይመኙሽ ልጅ ደም አለባቸው አሉት። ሐሰት ከሆነ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስም ያጠፋህ አንተ ነህ፤ ትወገዛለህ፣ ከእንግዲህ እዚህ አገር እህል ውሃ የሚልህ፣ ስትሞት የሚቀብርህ የለም።

መለሰ ብድግ አለ። ሐሰት ነው ሊል መሆኑን ፊቱ ላይ አየሁ። አባቱ ቀደሙት።

«ልጄ አልዋሸም» አሉ። «የገደልሁት እኔ ነኝ።»

መለሰ አባቴ፣ ምነው እንዲህ ይላሉ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ውሸት ነው፣ እኔን አውግዙኝ እያለ ሽማግሌዎቹን ለመነ። ማን ይስማው? አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቁትን ቃል ሰምተዋል። ይመኙሽ እንኳ አልተደሰተችም፤ ነጠላዋን ተከናንባ ስታለቅስ ነበር። እኔም አለቀስሁ።

መሪጌታ ቢያዝን ከማኅሌት ተለዩ፣ ተማሪዎቻቸው ተበተኑ። መለሰ ጎንደር አምጥቶ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ፣ በመጋረጃ ለይቶ አኖራቸው። ጨዋታው በዚያው ቀረ። ባለፈው ምሳ ይዤላቸው ገብቼ አላስችል አለኝና፣ የኔታ፣ ያልሠሩትን ምነው ሠራሁ አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ለምጄዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «እሱ አንድ ቀንም አይችለውም።»

መለሰ ከመጋረጃው ወዲያ የሰው ማመልከቻ እያተመ ነበር። ማተሚያው ቆመ። ብዙ ጠበቅሁ፣ መጋረጃውን ገልጦ ይገባል ብዬ። አልገባም።